የማንያህልሻል ጠጅ ቤት ቅርንጫፍ

ጥቁር ድንጋይ በምትባለው የገበያ ከተማ አንድ ሰው የሌላ ሰው ስም ያለበት ታፔላ ሊሰቅል ማሰቡ ከተሰማ፣ ከአሮጊቶቹ አንዷ ሳትጠየቅ አንዲት አባባል ጣል ታደርጋለች። አባባሏ አጭር ስለሆነች ወጣቶቹ አንድ ብልህ ሰው ቁጭ ብሎ አስቦ ያወጣት ይመስላቸዋል። እንዲያ አይደለም። የወጣችው ከሚያፈስ ጣሪያ፣ ከአጭር በርና መሳደብ ካቃታቸው አንድ ሽማግሌ ነው። እኔ ታሪኩን የሰማሁት ከወይዘሮ ዘርትሁን የእህት ልጅ ነው፤ እሷ ደግሞ ከራሷ ከዘርትሁን አፍ ሰምታዋለች። ስለዚህ ብዙ አልተጨመረበትም ብዬ አምናለሁ።

የዘርትሁን ባል ስንሻው ገድሌ የበቅሎ ነጋዴ ነበር። በደህናው ዘመን ሠላሳና አርባ በቅሎ አሰልፎ ገበያ ይወርድ ነበር፤ ሰውም «ስንሻው መጣ» ብሎ መንገድ ይለቅለት ነበር። የመኪና መንገድ በጥቁር ድንጋይ ካለፈ በኋላ ግን በቅሎ ፈላጊው እየሳሳ ሄደ፣ ስንሻውም ሦስት በቅሎ ብቻ ቀረው። ሰው አሁንም መንገድ ይለቃል፤ የሚለቀው ግን የመኪና ጡሩምባ ሲሰማ ነው። ስንሻውን ከበቅሎዎቹ ማለቅ ይልቅ ያቃጠለው ይኸኛው ነበር።

እንዲህ ከርሞ ሳለ ከወይን አምባ ልሳነወርቅ የሚባል ሰው መጣ። ወይን አምባ በበቅሎ ጧት ቢነሱ ከሰዓት በኋላ የሚደርሱባት ከተማ ናት። እዚያ ወይዘሮ ማንያህልሻል የሚባሉ ሴት ጠጅ ቤት አላቸው። የጠጃቸው ዝና ሩቅ ከመድረሱ የተነሣ ሙግት ያለበት ሰው ሁሉ ቀጠሮው ወይን አምባ እንዲሆንለት ዳኛውን ይለምን ነበር ይባላል። ልሳነወርቅ የእህታቸው ልጅ ነው። ጫማውን የወለወለ፣ ደብተር በብብቱ የያዘ፣ ሰው ሲናገር ራሱን እየነቀነቀ የሚሰማ ሰው ነበር።

የመጣበትን ጉዳይ ለስንሻው አስረዳው። ዛሬ የከተማ ሰው ፍራንቻይዝ የሚለውን ነገር ልሳነወርቅ ያን ጊዜ «የስም ቅርንጫፍ» ብሎ ነበር የጠራው። ስንሻው ሦስቱን በቅሎዎች ሲሰጥ በጥቁር ድንጋይ የማንያህልሻል ጠጅ ቤት ቅርንጫፍ ባለቤት ይሆናል። አዲስ ስም ለማስለመድ ሃያ ዓመት መልፋት የለበትም፤ ሰው ስሙን ያውቀዋል፣ ታፔላውን አይቶ ይገባል። ግዴታው አንድ ብቻ ነው፤ ቅርንጫፉ በሁሉ ነገር እናት ቤቱን መምሰል አለበት። እንዴት እንደሚመስል ደግሞ በደብተሩ ውስጥ በአርባ አንድ ደንብ ተጽፏል።

ደብተሩን ገልጦ ያነብላቸው ጀመር። በደንብ አንድ በሩ አጭር ይሆናል፤ የሚገባው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይገባል። በደንብ አራት ከግራ በኩል ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ጣሪያው ያፈሳል።

ስንሻው የቤቱ ጣሪያ አዲስ ቆርቆሮ እንደሆነ፣ ጠብታ እንደማያሳልፍ በኩራት ነገረው። ልሳነወርቅ የሚያሳዝን ነገር እንደሰማ ሰው ራሱን ነቀነቀና ይበሳል አለው። ዘርትሁን በበጋስ ምን ይደረጋል ስትል ጠየቀች። በበጋ ሰው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ውሃ ያፈሳል አላት። በእናት ቤቱም በበጋ እንዲህ ይደረጋል ወይ አለችው።

«እናት ቤቱማ እንደሚያፈስ የታወቀ ነው» አላት ልሳነወርቅ። «የእናንተ አዲስ ስለሆነ ደንበኛው ገና አያውቅም።»

በደንብ ዘጠኝ ከበሩ ጀርባ አንድ ሰው ተቀምጦ የሚገባውን ሁሉ ይሳደባል። በደንብ አሥራ ሁለት ባለቤቱ ማንያህልሻል ተብሎ ይጠራል።

«እኔ?» አለ ስንሻው ጢሙን ይዞ።

«ደንበኛ ማንያህልሻል ብሎ ሲጣራ ታዲያ ማን አቤት ሊል ነው፣ ጋሼ ስንሻው?»

ስንሻው ጢሙን ለቀቀ። ዘርትሁን ግን ስለ ጠጁ ምን እንደተጻፈ እንዲያነብላት ጠየቀችው። ልሳነወርቅ ብዙ ገጽ ገለበጠ፣ ደንብ ሠላሳ ስምንት ላይ ደረሰ።

«ጠጁ ጥሩ ይሁን» ብሎ አነበበ።

«ከዚያስ?»

«ሠላሳ ዘጠኝ ስለ ብርሌ አስተጣጠብ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስት ጓሮ ለበቅሎዎቹ ገብስ እየሰጡ ነገሩን አወጡ አወረዱ። ዘርትሁን የተቆጣች አትመስልም ነበር። ሰውየው ሁሉን ነገር ጽፎ ጠጁን መርሳቱ እንዳልገባት ብቻ ነገረችው። ስንሻው የአንዷን በቅሎ ጋማ ያሻሽ ነበር።

«የኔ ስም ሞቷል፣ ዘርትሁን» አለ በኋላ። «ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሾፌር ቁልቁል አየኝና 'አንተ ሰውዬ፣ ዞር በል' አለኝ። ከአጠገቤ የቆመ ሰው ማን እንደሆንኩ እንኳ አልነገረው። ይኸኛው ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስም ነው። ብገዛው ምን አጣለሁ?»

«በቅሎዎቹን» አለችው።

ብትከለክለው ዕድሜውን ሙሉ ሲወቅሳት እንደሚኖር ታውቅ ነበር። ስለዚህ አልከለከለችውም፤ ሁለት ነገር ብቻ ለመነችው። ውሉን ከመፈረሙ በፊት ለአንድ የገበያ ቀን እንዲሞክረው፣ ለውሉም ምስክር ባሻ ወልደየስ እንዲሆኑ። ባሻ ወልደየስ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ባልና ሚስት በማስታረቅ የታወቁ ሰው ናቸው። የሚጮህባቸውን ውሻ ሳይቀር ዕድሜ ይስጥህ ብለው ነው የሚያልፉት። ስንሻው በሁለቱም ተስማማ። ልሳነወርቅም ደንቡ ከተጠበቀ ሙከራውን እንደማይፈራ ተናገረ።

ዝግጅቱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ጠጁን ስንሻው ራሱ ጣለው፤ ዘርትሁን ጠላ እንጂ ጠጅ በቤተሰቧ ተጥሎ እንደማያውቅ ነግራው ነበርና። ጥሩ ማር ገዛ። ጌሾውን ምን ያህል እንደሚያደርግ ልሳነወርቅን ቢጠይቀው፣ ደንቡ «ጥሩ ይሁን» ነው የሚለው አለው። ስንሻው ጥሩ ማለት ብርቱ ማለት ነው ብሎ ጌሾውን በእጥፍ አደረገው። ጋኑንም በየቀኑ ጧትና ማታ እየከፈተ ጥሩ ሆኖ እንደሆነ ያየው ነበር። የዘርትሁን ወንድም ደባልቄ በሩ ላይ ሳንቃ መትቶ አሳጠረው፤ አዲሱንም ቆርቆሮ እያዘነ በሚስማር በሳው።

ያስቸገራቸው ተሳዳቢ ማግኘት ነበር። በከተማው በምላሷ የምትፈራ አንዲት ሴት ነበረች፤ ስንሻው ሄዶ ለመናት። ከተናደድኩ ማንንም በነፃ እሳደባለሁ፣ በደመወዝ ግን ተሳድቤ አላውቅም፣ ነውር ነው ብላ መለሰችው። ሌላው ሁሉ ጎረቤቱን በማያውቀው ነገር ሰድቦ ነገ የት ሊገባ ነው ብሎ እምቢ አለ። ቅዳሜ ሲቃረብ ስንሻው መላው ጠፋው። ባሻ ወልደየስ ይህን ሲሰሙ ምስክር መሆኔ ካልቀረ ለአንድ ቀን እኔ ልቀመጥልህ አሉት።

ቅዳሜ ደረሰ። ወሩ የካቲት ነው፤ ሴቶች ለአንድ እንስራ ውሃ ግማሽ ቀን የሚሄዱበት ጊዜ። ደባልቄ ሁለት እንስራ ውሃ ይዞ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ከምንጭ የምትመለስ አንዲት ሴት ቆማ ብዙ አየችው። ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ቤቱ እንዲያፈስ ነው አላት። አማተበችና መንገዷን ቀጠለች።

ታፔላው ግን ሠርቷል። «የማንያህልሻል ጠጅ ቤት ቅርንጫፍ» የሚለውን ያነበበ እየተጠራራ መጣ። መጀመሪያ የገባው ወይን አምባ ብዙ ጊዜ የጠጣ የጨው ነጋዴ ነበር። ግንባሩን ከሳንቃው ጋር ሲያጋጨው አልከፋውም፣ ልክ ነው፣ እዚያም እንዲህ ነው ብሎ ፈገግ አለ። ከበሩ ጀርባ ባሻ ወልደየስ ተነሡ።

«አንተ...» አሉና ቆሙ። የሚሉት ነገር አልመጣላቸውም። «አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ሰውየው የአባቱን ስም ነገራቸው።

«እርሳቸውማ ደግ ሰው ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር። አንተም ግባ ልጄ፣ እግርህ የተባረከ ይሁን» ብለው ቦታ ለቀቁለት። ከዚያ ልሳነወርቅ ከጥግ ሆኖ እንደሚያያቸው ትዝ አላቸውና፣ «ቢሆንም ተጠንቀቅ» ብለው ጨመሩበት። በዚያ ቀን ከአፋቸው ከወጣው ሁሉ ወደ ስድብ የቀረበው ይህ ነበር።

የጨው ነጋዴው ጠብታዋን ፈልጎ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ደባልቄ ከላይ ሆኖ ሰው መቀመጡን እንጂ ምን ያህል ማፍሰስ እንዳለበት አያውቅም፤ እንስራውን ደፋው። ነጋዴው ለገዢ ሊያሳየው በጨርቅ ቋጥሮ ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠው ጨው እዚያው ሟሟ። አሁንም ታገሠ። ፊቱን ጠርጎ «ማንያህልሻል» ብሎ ተጣራ።

«አቤት» አለ ስንሻው። ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም፣ ድምፁ ቀጥኖ ወጣ። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየው።

ጠጁ ተቀዳ። ነጋዴው አንድ ጊዜ ተጎነጨ፣ በአፉም እንደያዘ ቀረ። ባሻ ወልደየስ ፊት ለፊት ስላሉ መትፋት አልቻለም፤ መዋጥም አልሆነለትም። ዓይኑ እንባ ሞላ። በስንት ጭንቅ አወረደውና ወደ ስንሻው ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ ቤቱ ከጠጅ ሌላ ኮሶ ይሸጥ እንደሆነ፣ ብርሌውም ተለዋውጦ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀው። ሌሎቹም ቀመሱ። ማንም ክፉ አልተናገረም። አንዱ የታመመ ዘመድ ትዝ አለው፣ አንዱ በቅሎውን ያሰረበት ቦታ አሳሰበው፣ እንዲህ እያሉ አንድ በአንድ ጎንበስ ብለው ወጡ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ ባዶ ሆነ።

ስንሻው ባዶው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አፈረ። ልሳነወርቅ ግን አልተደናገጠም፤ ደብተሩን ገልጦ ስህተቱን አገኘው። ደንቡ የሚለው ጠብ ጠብ ይበል ነው፣ የወረደው ግን ዶፍ ነው። ደንበኛ የሸሸው በዚህ ነው አለ።

የሚገርመው ስንሻው አመነው። ሰው የሚመኘውን ነገር ለማመን ብዙ አይለመንም። ሦስት ቀን ሙሉ እሱ ከታች፣ ደባልቄ ከላይ ሆነው ጠብታ ሲያስተካክሉ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ውሃው ልክ እንደ ደንቡ ጠብ ጠብ አለ፤ ስንሻው ከስንት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ነገ እፈርማለሁ አለ።

ዘርትሁን ያን ጊዜ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች።

«ስንሻው፣ አንተ ጥርሷን ሳታይ በቅሎ ገዝተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ይኸኛዋን ጥርሷን እንያት።»

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ሦስቱን በቅሎዎች ጭነው ስንሻው፣ ዘርትሁንና ባሻ ወልደየስ ወይን አምባ ወረዱ። ልሳነወርቅ ታፔላውን እየጠበቀ ቀረ።

የወይዘሮ ማንያህልሻል ቤት በደብተሩ እንደተጻፈው ነበር። በሩ አጭር ነው። ከሦስተኛው አግዳሚ በላይ ያለው ጣሪያ ተሸንቁሮ ሰማይ ይታያል። ከበሩ ጀርባ አቶ ጓንጉል የሚባሉ ሽበታም ሰው ተቀምጠዋል። ስንሻው ገና ብቅ ሲል ከእግር እስከ ራሱ አዩትና፣ ካንተ ይልቅ ያመጣችህ በቅሎ የሰው ፊት አላት አሉት። ስንሻው ደስ አለው፤ ዞሮ ዘርትሁንን ሰማሽ ወይ አላት።

ጠጁ ቀረበላቸው። ቀመሱት። ባሻ ወልደየስ ብርሌያቸውን ወደ ብርሃኑ አንሥተው አዩት፣ ደግመውም ተጎነጩ። ስንሻው ግን ብርሌውን ባዶ አድርጎ አስቀመጠና መሬት መሬት አየ። ኮሶ ያለው የጨው ነጋዴ እውነቱን እንደነበር አሁን ገባው።

ወይዘሮ ማንያህልሻል እጅጌያቸውን የሰበሰቡ፣ ወፍራም፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ነበሩ። ስንሻው ቅርንጫፋቸውን ሊገዛ የመጣ ሰው መሆኑን ነግሯቸው በሩ ለምን አጭር እንደሆነ ጠየቃቸው። አናጢው አጭር ሰው ስለነበረ በራሱ ቁመት ለክቶ ሠራው አሉት፤ ባገኘው አሁንም እጣላዋለሁ አሉ። ስለ ጣሪያው ጠየቃቸው። አሥር ዓመት ሙሉ የሚጠግን ሰው ለምነው እንዳጡ ነገሩት። ከበሩ ጀርባ ስላሉት ሰው ሲጠይቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ባሌ ነበር። ከፈታሁት ሰባት ዓመት ሆነኝ፤ አልወጣም አለ።»

«የእህትዎ ልጅ እኮ ይህን ሁሉ ደንብ ብሎ ጽፎታል» አላቸው ስንሻው።

እርሳቸው ደንቡን አልሰሙም። ልሳነወርቅ አንድ ቀን መጥቶ ስምሽን ስጪኝ ሲላቸው ውሰድ ብለውታል፤ ሰው የሚመጣው ለጠጁ ነው፣ ስሙ ምን ይሠራልኛል ብለው ነበር። ስንሻው የመጨረሻ ተስፋውን ይዞ የጠጁን አጣጣል እንዲያሳዩት ለመናቸው። ደግ ስለነበሩ ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡና ጋኑን ከፈቱለት።

«ጌሾው ስንት ነው፣ እትዬ?»

«እስኪበቃው።»

«ስንት ቀን ይቆያል?»

«እስኪደርስ ነዋ።»

«መድረሱን በምን ያውቃሉ?»

ሴትየዋ ጥያቄው እንግዳ ሆነባቸው። የጋኑን ሆድ በመዳፋቸው ነካ አደረጉ፣ ጠጋ ብለው አሸተቱ፣ ትንሽ ቆዩና፣ «ይኸኛው ሦስት ቀን ይቀረዋል» አሉ። ከዚህ የበለጠ ሊነግሩት ፈልገው ቃል አጡለት። ደብቀውት እንዳልሆነ ስንሻውም አየ።

ሊወጡ ሲሉ ጓሮ አንዲት የውሃ በቅሎ በሦስት እግሯ ቆማ አየ። ሁለት ሳምንት እንዳነከሰች፣ ብዙ ሰው አይቷት እንዳልተሻላት ሰዎቹ ነገሩት። ስንሻው ሳያስበው ጠጋ አለ፣ አንገቷን እያሻሸ አንድ ነገር አንሾካሾከላት፣ እግሯን አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ሰኮናዋን በካራ ፋቅ ፋቅ አድርጎ ከውስጥ የባቄላ ፍሬ የምታህል ስለታም ጠጠር አወጣ። በቅሎዋ እግሯን ቀስ ብላ መሬት አስነካች፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ቆመችበት። አቶ ጓንጉል ከበሩ ተነሥተው መጥተው ሲያዩ ነበር፤ ሳይሳደቡ ተመልሰው ተቀመጡ። ወይዘሮ ማንያህልሻል ከየት እንደተማረው ጠየቁት። ስንሻው እንዴት እንደሚያስረዳቸው አላወቀም፤ ጠጠር እንዳለ ከአቋቋሟ ይታያል ብቻ አላቸው።

በመመለሻው መንገድ ዘርትሁን አንዴ ዞር ብላ ስታየው መዳፉን ገልጦ እያየ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስንሻው ምን እንደሆነ ለሚጠይቅ፣ ጓሮውን አጥሮ ለገበያተኛ በቅሎዎችና አህዮች ማዋያ አደረገው። የመኪና መንገድ ከሚያልፍባት ከጥቁር ድንጋይ ወደ ቆላው መኪና አይወርድም፤ ጭነቱ እዚያ ሲደርስ ወደ በቅሎ ይዛወራል። የሚያነክስ ከብት ያለው ሁሉ ወደ እሱ ይመጣ ጀመር፣ ያ ሾፌር ሳይቀር የአባቱን በቅሎ ይዞለት መጥቶ ነበር። ሀብታም አልሆነም። ታፔላም አልሰቀለም። ደባልቄ ቆርቆሮውን መልሶ ደፈነው፣ የቀረውን ጠጅ ጓሮ ሲደፋው ሳማው ሳይቀር ደረቀ ይባላል፤ ይህን ግን የጨመረበት ደባልቄ ይሆናል።

ወይን አምባ አድረው በተመለሱበት ዕለት ልሳነወርቅ ውሉን አዘጋጅቶ፣ ቀለሙን ከፍቶ በሩ ላይ ይጠብቃቸው ነበር። ስንሻው ከበቅሎው ሳይወርድ እንደማይፈርም ነገረው። ልሳነወርቅ አልገባውም። ጠብታው ተስተካክሏል፣ በሩ አጥሯል፣ ተሳዳቢም ቢሆን ፈልጌ አመጣለሁ፣ ታዲያ የጎደለው ምንድነው እያለ ደብተሩን ያገላብጥ ጀመር። ስንሻው ወደ ምስክሩ ዞረ።

ባሻ ወልደየስ ከበቅሎ ወርደው ልብሳቸውን አራገፉ፣ ወጣቱን ዕድሜ ይስጥህ ብለው መረቁት፣ ደብተሩንም በእጁ ላይ ቀስ አድርገው ዘጉና፣ «ምንም አልጎደለም ልጄ፤ ብቻ፣ ስም ቢገዙ እጅ አይገዙ» አሉት።